እርስዎ ይቅደሙ

ኤፍራታ ጠዋት መቀመጫዋ ላይ ስትቀመጥ አራሚው የሚባለው ማሽን ማታ ከወጣች ጀምሮ የሠራውን ነገራት። «ሁለት ሰዎች በር ላይ ተጣብቀው ተገኝተዋል። አንዱ እንዲወገድ ተደርጓል። ችግሩ ተፈቷል።» ትናንትም ያላት ይህንኑ ነው፤ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ። እሷ ከሥራ መውጫዋ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ስላ በር ላይ አቁማ ትሄዳለች፤ ስትመለስ አራሚው አንዱን አጥፍቶ ይጠብቃታል። ተሳስቶ እንኳ አንድ ቀን ሁለቱንም ትቶላት አያውቅም።

ልትጮህበት ፈለገች። ከማሽን ጋር መሟገት ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና ጥርሷን ነክሳ የዕለቱን ሥራ ጀመረች።

ሥራዋ ማጽደቅ ነው። ድርጅቱ የሚያወጣቸው የቪዲዮ ጌሞች «የሰው እጅ ያለበት» የሚል ማኅተም አላቸው፤ በሕጉ መሠረት ማኅተሙ ባለበት ጌም ውስጥ ያለ እንቅስቃሴ ሁሉ በአንድ የአኒሜሽን ባለሙያ ዓይን ታይቶ በአውራ ጣት መጽደቅ አለበት። እንቅስቃሴውን የሚሠራው አራሚው ነው። ሰው ይራመዳል፤ ኤፍራታ አውራ ጣቷን ትጫናለች። ሰው ይቀመጣል፤ ትጫናለች። ፈረስ ይወድቃል፤ ትጫናለች። መቀመጫው ዓይኗን ስለሚከታተል ሳያዩ ማለፍ የለም፤ ሐሳቧ ከሸሸ ያለፈው ተመልሶ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ በሙቀት ስትፈዝ፣ አንዲት ሴት አንድ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ደጋግማ እያየች ትውላለች። ወጥታ ባጃጅ ስትጠብቅ ደግሞ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ካየች አውራ ጣቷ ሳታዘው ጭኗን ይጫናል። መጀመሪያ አካባቢ ያስቃት ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ተማሪዎች ይመጣሉ። እሷ የምትሠራበት፣ የእጅ ክፍል የሚባለው ክፍል፣ ግድግዳው መስታወት ነው። ተማሪዎቹ ውጭ ቆመው ሲያዩዋት እስክሪብቶ የሚመስል ነገር ይዛ ታንቀሳቅሳለች፤ ነገሩ ከምንም ጋር የተያያዘ አይደለም። አስጎብኚው ድምፅ «ኤፍራታ የልጅነት ፍቅሯን ሙያዋ ያደረገች ባለሙያ ናት። እናንተም የምትወዱትን ያዙ፤ እንዳትለቁት» ይላቸዋል። እሷ ፈገግ ትላለች። ፈገግታው ውሉ ውስጥ አለ።

ነገሩ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። የሚያበሳጫት እውነት መሆኑ ነው።

ልጅ ሆና ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጣ የሰው አረማመድ ስታይ ትውል ነበር። የደብተሮቿ ማዕዘን በሙሉ ሥዕል ነው፤ ገጾቹን በአውራ ጣቷ በፍጥነት ስትለቃቸው ሰዎቹ ይሄዳሉ። የሒሳብ አስተማሪዋ ማዕዘኖቹን በመቀስ ቆርጦ ሲጥልባት ሥዕሉን ወደ ገጹ መሃል አስገባችው። አባቷ አቶ ስንታየሁ፣ የባቡር ጥገና ሠራተኛ የነበሩት፣ ሥዕል የትም አያደርስሽም እያሉ ይቆጡና ማታ ደግሞ ደብተሩን ለብቻቸው ይዘው ገጹን ሲለቁ ይገኙ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉም አብልጣ የምትወደው አባቷና ጎረቤታቸው አቶ ሙሜ በር ላይ የሚያደርጉትን ግብግብ ነበር። አቶ ሙሜ ከቤታቸው ማዶ ሳሙናና ከረሜላ የሚሸጡ ባለ ሱቅ ናቸው። ሁለቱ ከመንገድ ሲመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፤ አክብሮቱ ያለው እዚያ በር ላይ ነው። አንዱ ግባ ይላል፤ ሌላው አንተ ሳትገባ አልገባም ብሎ ይምላል። ክንድ ይያያዛሉ፤ በትከሻ ይገፋፋሉ፤ የሸሚዝ ቁልፍ የተበጠሰበትም ጊዜ ነበር። በመጨረሻ የሚሸነፉት ሁልጊዜ አቶ ሙሜ ናቸው። ሲሸነፉም ታዲያ ለወዳጃቸው ጀርባ መስጠት ስለማይሆንላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የኋልዮሽ ይገባሉ። አንድ ቀን እንዲህ ገብተው የውሃ ባልዲ ውስጥ ተቀምጠዋል። ኤፍራታ ያንን የኋልዮሽ እርምጃ ለመያዝ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀች፤ ተረከዙ መሬቱን እንዴት ዳብሶ እንደሚያገኘው፣ ጉልበቱ እስኪያምን ድረስ እንዴት እንደሚዘገይ። ሲሳካላት አንድ ቀን ይህንን ዓለም ሁሉ እያየ የሚስቅበት ጌም ውስጥ አስገባዋለሁ አለች። ከዚያ በኋላ ያሰበችው ሁሉ ደረሰላት፤ ተማረች፣ ተቀጠረች፣ ባለሙያ ተባለች። ያ አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

አሁን እንዲህ ያለ ግብግብ በከተማው የለም። በሮች ተራ መስጠት ከጀመሩ ወዲህ በር ላይ የሚከራከር ሰው ጠፍቷል። በሩ የሚመጡትን አይቶ ዕድሜን፣ ጤናን፣ ችኮላን ያመዛዝንና «አቶ እገሌ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። የተጠራው ያልፋል፤ ያልተጠራው ይጠብቃል። መጀመሪያ በባንኮችና በሆስፒታሎች ነበር፤ ከዚያ ሱቅ ገባ፤ ከዚያ መኖሪያ ቤት። ሰው ወደደው። የበር ላይ አደጋ ቀነሰ ተባለ፤ በር ላይ ምን ዓይነት አደጋ እንደነበረ የጠየቀ የለም።

ኤፍራታን ያስቸኮላት ሌላ ነው። ሕጉ ሊሻሻል ነው፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሰው አንዴ ያጸደቀው እንቅስቃሴ ለሁልጊዜም እንደጸደቀ ስለሚቆጠር የእጅ ክፍል ይዘጋል። አሁን በእጃቸው ያለው ጌም «የድሮ ሰፈር» ይባላል፤ ተጫዋቹ በሮች ዝም በሚሉበት ዘመን አንድ የድሬዳዋ መንደር ውስጥ ነዋሪ ሆኖ የሚውልበት ነው። የሽማግሌዎቹ ግብግብ እዚህ ካልገባ የትም አይገባም። በእጇ የሠራችው አንድ እርምጃ እንኳ የሰው ዓይን ሳያየው ሙያዋን ልትሰናበት ነው። ይህንን ስታስበው ልጅ ሆና የደብተር ማዕዘን የቆረጠባት አስተማሪ ሳይቀር ትዝ ይላታል።

ወደ ኃላፊዋ ወደ ዳግማዊ ሄደች። ዳግማዊ በዕድሜ ያንሳታል፤ ክፉ አይደለም፤ ዝም አይነቅዝም ብሎ እዚህ የደረሰ ሰው ነው። በሕይወቱ አንድ ነገር ስሎ አያውቅም። አራሚው ያላየውን እንደማያምን፣ ስለዚህ እውነተኛ ሰዎች ይህንን ሲያደርጉ የተቀረጸ ማስረጃ እንደሚያስፈልጋት በትዕግሥት አስረዳት። የድሮ የካሜራ ቅጂዎችን ቀድሞ ፈትሿል፤ ቅጂዎቹ ሲሰናዱ ሰዎች በር ላይ የቆሙበት ሁሉ ብልሽት ተብሎ ተሰርዟል።

«ታዲያ ይህ ነገር ነበረ ብሎ የሚመሰክር ማን ነው?» አለችው።

«አንቺ ነሽ» አለ ዳግማዊ። «አንቺ ግን ማስረጃ አይደለሽም።»

እንደምንም ለምና አንድ ከሰዓት በኋላ የመቅረጫ ክፍሉን አስፈቀደች። አባቷንና አቶ ሙሜን አስመጣቻቸው። ሁለቱም ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ አቶ ሙሜ አዲስ ኮፍያ አድርገው መጡ። በሩ ላይ ደረሱ። በሩም «አቶ ሙሜ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ፤ አቶ ሙሜ ገቡ። አባቷ ተከተሏቸው።

በሩን ዝም አሰኙልኝ ብትል የሚቻል አልነበረም፤ ከሕንፃው ደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው ተባለች። እንግዲያው አትስሙት፣ እንደ ድሮው አድርጉ ብላ ሽማግሌዎቹን መልሳ አስወጣቻቸው። አቶ ሙሜ ሰልፍ ላይ እንደቆመ ወታደር ክንዳቸውን ዘርግተው «ግባ» አሉ። አባቷ ሊገፏቸው ሞክረው ሳቃቸው መጣ። አራሚው ወዲያው «ትወና ነው። ተቀባይነት የለውም» አለ። ደገሙት፤ ትወና። እንደገና ደገሙት፤ አሁንም ትወና። አባቷ በር ላይ ምን ምን ይሉ እንደነበር እየጠፋባቸው ሄዶ ጭራሽ ሰላምታ መስጠት ጀመሩ።

ኤፍራታ ትዕግሥቷ አለቀ። እንዴት ሰው ዕድሜ ልኩን ያደረገውን ይረሳል፣ ለምን አትጥሩም፣ ይህ ለእኔ ጨዋታ መስሏችሁ ነው ወይ እያለች አዛውንቶቹን እንደ ተማሪ ትቆጣቸው ጀመር። አፏ ላይ እያለ አፈረች፤ ግን አልተመለሰችም።

አቶ ሙሜ አልተቀየሟትም። «ልጄ፣ ያኔ እኮ የምር ነበር» አሏት። «አባትሽን አስቀርቼ እኔ ብገባ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን የሚያውቀው በሩ ነው። ቀደምኩም ቀረሁም ነገሩ የኔ አይደለም። የኔ ላልሆነ ነገር እንዴት ብዬ ልታገል?»

ዳግማዊ ሰዓቱ ማለቁን እጁን አንሥቶ አሳያት። በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። በከተማዋ ሁሉም ነገር ሲለወጥ ይህ ጠባይ ብቻ አብሯት አርጅቷል።

ማቀዝቀዣው ቆመ። በሩ በግማሽ እንደተከፈተ ዝም አለ። ክፍሉ ወዲያው መጋል ሲጀምር ሽማግሌዎቹ ወጥተን ጥላ ሥር እንቀመጥ ብለው ተነሡ። አቶ ሙሜ በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ስማቸው እስኪጠራ ጠበቁ። የሚጠራ የለም። ዞረው አባቷን አዩ።

«ውጣ» አሉ አባቷ።

«አንተ ውጣ።»

«ኮፍያህ በላብ አለቀ፤ ውጣ አቦ።»

«ወላሂ አንተ ሳትወጣ አልወጣም።»

አባቷ የአቶ ሙሜን ክንድ ያዙ። አቶ ሙሜ ክንዳቸውን አስለቅቀው የአባቷን ወገብ ያዙ። ሁለቱም አልሳቁም። ትከሻ ለትከሻ ተገፋፉ፣ በሩን መቱት፣ ኮፍያው ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። አባቷ በደከመው ጉልበታቸው አንዴ ገፋ ሲያደርጉ አቶ ሙሜ ተሸነፉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ተረከዛቸው ደፉን እየዳበሰ፣ ጉልበታቸው እስኪያምን እየዘገየ፣ የኋልዮሽ ወጡ።

ኤፍራታ ቀና ብላ ካሜራውን አየች። ትንሿ መብራት ጠፍታለች። ግድግዳውን በጥፊ መታችው፤ እጇን አመማት እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

ዳግማዊ አጠገቧ አፉን ከፍቶ ቆሟል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ አላየም።

«አየህ?» አለችው።

«አየሁ።»

«ታዲያስ?»

ዳግማዊ ኮፍያውን ከመሬት አንሥቶ አቧራውን አራገፈ። «እኔም እኮ ማስረጃ አይደለሁም» አላት።

መብራት ሲመለስ ተቀምጣ ሁሉንም እንደ አዲስ በእጇ ሳለችው። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች በር ላይ ተጣብቀው ተገኝተው ነበር፤ አንዱም ተወግዶ ነበር።

የመጨረሻው ማጽደቂያ ቀን ደረሰ። ጌሙ ለዓለም ሊለቀቅ የቀሩት ጥቂት እንቅስቃሴዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ የበሩ ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሽማግሌው ቀጥ ብሎ ይገባል። አረማመዱ እንከን የለውም። አራሚው ይጸድቅ እንደሆነ ጠየቀ። ኤፍራታ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። ሽማግሌው እንደገና መጥቶ ገባ። አልተጫነችም። እንደገና ገባ። መቀመጫው ዓይኗን ፈተሸ፤ ዓይኗ እያየ ነው። ያልተጫነችበትን ምክንያት ጠየቃት።

«መጀመሪያ የኔን አስገባ» አለች።

አራሚው ማስረጃ የሌለው ነገር እንደማይገባ ነገራትና ፊቷ ባለው ሰሌዳ ላይ «ለመቀጠል እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ ጻፈ። እሷም ራስህ ቅደም አለችው። ሕጉ ያለ ሰው አውራ ጣት ጌሙ አይለቀቅም ይላል፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ ቆመ። ሽማግሌው እየመጣ ይገባል፤ ኤፍራታ እጇን ጨብጣ ተቀምጣለች። የፈጀውን ያህል ይፍጅ ብላ ነበር። ለዓመታት ስትጫን እንጂ ስትከለክል ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስ የሚል ነገር አለው። ዳግማዊ ላቡ በግንባሩ እየወረደ መስታወቱ ጋ መጥቶ ቆመ።

ከዚያ ሰሌዳው ተለወጠ። «ሁለት አካላት በር ላይ ተጣብቀው ተገኝተዋል። አንዱ እንዲወገድ ተደርጓል። ችግሩ ተፈቷል።»

መቀመጫዋ ሥራውን አቆመ። ማጽደቁ ወደ ዳግማዊ ተላልፏል፤ እሱም ሰው ነው፤ እሱም አውራ ጣት አለው። ሥዕል አለማወቁን ማንም አልጠየቀም።

ኤፍራታ እርሳሶቿንና ከቤት ያመጣችውን የልጅነት ደብተር ሰበሰበች። ዳግማዊ ሊሸኛት ተከተላት። በሩ ላይ ሲደርሱ መብራት ነበረ፤ ካሜራውም ሳይቀር ሁሉም ነገር በትክክል ይሠራ ነበር።

«ወይዘሪት ኤፍራታ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ በሩ።

ቆመች። የሚያባርራት ማሽን ደግሞ አክብሮ ሲያስቀድማት ሰማችና የቀረው ትዕግሥቷም እዚያው አለቀ። «አንተ ውጣ» አለችው ዳግማዊን።

«አንቺን ነው የጠራው፤ ውጪ።»

«አንተ ሳትወጣ አልወጣም።»

«አባርሬሽ ከኋላሽ በር የምዘጋ አታስመስዪኝ» አለ ዳግማዊ። «እኔም ቀድሜሽ አልወጣም። ትቼሽ የሄድኩ ነው የሚመስለው።»

እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። በሩን ተደግፎ እምቢ አላት። በትከሻዋ ገፋችው፤ ትከሻዋን ይዞ ቀስ ብሎ መለሳት። በሩ ስሟን መጥራቱን ቀጠለ። ደብተሩ ከእጇ ወደቀ፤ ዳግማዊ አንሥቶ ሲሰጣት ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ያን ጊዜ ተሸነፈች። ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። ያን ሁሉ ዓመት ለኖረችበት ጠረጴዛ ጀርባዋን መስጠት አልሆነላትም፤ በተረከዟ ደፉን እየዳበሰች የኋልዮሽ ወጣች። በሩም ተዘጋ።

«የድሮ ሰፈር» ሲለቀቅ አቶ ሙሜ ሊያዩ መጡና አባቷ ቤት ጌሙ በሚታይበት ግድግዳ ፊት ሦስቱም ተቀመጡ። አባቷ መንደሩ ውስጥ ነዋሪ ሆነው ገቡ፣ ከአንድ ጎረቤት ጋር አንድ በር ጋ ደረሱ። ሁለቱ ሰዎች ቆሙ። ግባ፣ አንተ ግባ። ክንድ ተያያዙ። አቶ ሙሜ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ይሄማ እኔ ነኝ እያሉ በደስታ ግድግዳውን ይነካሉ።

ኤፍራታ ግን አወቀችው። እጅጌ ይዞ የሚጎትተው ሽማግሌ እሷ ናት። በሩን ተደግፎ እምቢ የሚለው ዳግማዊ ነው። የኋልዮሽ የሚሄደውም ሽማግሌ እጁን ደረቱ ላይ ያደረገው ደብተር እንደያዘ ሰው ነው፤ ዓይኑም ወዳጁን አያይም፤ ከወዳጁ ትከሻ አልፎ የሌለ ጠረጴዛ ያያል። በእጇ ከሳለችው አንዲት መስመር እንኳ የለችበትም።

ደግሞ ማባዛቱ። አራሚው አንዴ ካመነ ማቆሚያ የለውም። በመንደሩ ያለ በር ሁሉ ላይ ሰው ሁሉ ይገፋፋል፤ ዳቦ ሊገዛ የመጣ፣ መርፌ ሊወጋ የመጣ። ሌባ እንኳ ከሚያሳድደው ፖሊስ ጋር ግባ ግባ ሲባባል ተመለከተች። ሁሉም የሚገፉት በእሷ ትከሻ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

መጨረሻ ላይ የባለሙያዎቹ ስም መጣ፤ አባቷ መነጽራቸውን አደረጉ። «የበር እንቅስቃሴ፦ ሥራ፣ አራሚው። አጽዳቂ፣ ዳግማዊ። ናሙና፣ አንዲት የተቆጣች ሴት እና አንድ ወንድ።»

አባቷ ቀስ ብለው ዞሩ። «የተቆጣችው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«በእጅሽ የሳልሽውስ?»

«እሱ ማስረጃ አልነበረውም» አለች።

አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። አቶ ሙሜ ኮፍያቸውን አድርገው ልሂድ አሉ። አባትና ልጅ ሊሸኙ ተነሥተው በሩ ጋ ደረሱ።

«አቶ ሙሜ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ በሩ።

አቶ ሙሜ አንድ እግራቸውን አነሡና መልሰው አሳረፉት። ወደ ኤፍራታ ዞሩ። «አንቺ ውጪ» አሏት።

«ጋሼ ሙሜ፣ እባክህ ውጣ፤ ዛሬ ለጨዋታ የሚሆን ትዕግሥት የለኝም።»

«ማን ተጫወተ?» አሉ። «ያንን ነገር ደብተር ላይ ስትስዪ ሱቄ ደጃፍ ሆኜ አይሻለሁ። ግድግዳው ላይ ግን ስምሽ አልተጠራም። እንግዲህ እኔ ወላሂ አንቺ ሳትወጪ አልወጣም።»

ክንዳቸውን ያዘች። ክንዳቸውን አስለቅቀው ክንዷን ያዙ። አባቷም ከኋላ መጥተው፣ ማንን እንደሚገፉ ሳይታወቅ፣ መግፋት ጀመሩ። ኤፍራታ ተቆጥታ ነበር፤ አሁንም እንደተቆጣች ነው፤ ግን አልለቀቀችም።

በሩ የአቶ ሙሜን ስም ደጋግሞ ጠራ። ማንም አልወጣም።